ደረሰኙን አሳዩኝ

እማዬ የስኳር ክኒኗን ማቆሟን የነገረኝ መሳቢያው ነው። ጥፍር መቁረጫ ስፈልግ ያልተከፈተ ሜትፎርሚን አገኘሁ። የሦስት ሳምንት ክኒን፣ እንደታሸገ። "ይሄ ምንድነው?" ስላት "ሽፈራው ጀምሬያለሁ ልጄ፣ እሱ ከሥሩ ነው የሚነቅለው" አለችኝ። ጠዋት ጣቷን ወግተን ለካን። በባዶ ሆድ 312! ሐኪሟ ከ80 እስከ 130 ይሁን ብሎ ነበር ያስጠነቀቃት። የዚያኑ ቀን ሐኪሟ ጋ ይዣት ሄድኩ፣ ክኒኑንም እንደገና ጀመረች።

የሽፈራው ቅጠል ዱቄቱ የመጣው በቴሌግራም ነው። የሻጩን ቪዲዮ የላከችላት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቴ ናት። አክስቴ ክፋት የላትም፣ እህቷን ስለምትወድ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ ስኳር በ21 ቀን ደህና ሰንብት ይባላል እያለ ያወራል። ዋጋው 1,800 ብር፣ ከነማድረሻው።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ግን ንዴቱ ሙያዬን አስረሳኝ። ጎግል ላይ "ሽፈራው ስኳር ያድናል" ብዬ ጻፍኩ። ያድናል ብለህ ከጠየቅከው እሱም ያድናል ይልሃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከስልኬ ጋር ስሟገት ቆይቼ ራሴን አዞረኝ። እኔ ስለ ቆሽት ምን አውቃለሁ?

ቢሮ ውስጥ የወጪ ወረቀት ሲመጣልኝ ከሰውየው ጋር ስለ እውነት አልከራከርም። ማን ከፈለ? ለማን? ደረሰኙ የታል? በቃ። ለዚህስ ለምን አልጠይቅም አልኩ።

ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍቼ እንደገና አየሁት። ሲያወራ ያሳምናል፣ ሲዘጋ ግን የሚታየው ሌላ ነው። ገና ከመጀመሪያው ከሥር ስልክ ቁጥር ይሮጣል። "ለማዘዝ በውስጥ መስመር ያናግሩን፣ ያሉበት ድረስ እናመጣለን።" የቻናሉ መግለጫ ላይ የሰው ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥር የለም። የሰውዬውን ፊት በጎግል ሌንስ ስፈልገው በማላውቀው ቋንቋ የጉልበት ቅባት ሲሸጥ አገኘሁት። እኔ ሳቅኩ። እማዬ አልሳቀችም።

ቪዲዮው "በጥናት የተረጋገጠ" ይላል፣ ይሄ ገና አልተጣራም ነበር። ፐብሜድን ከፈትኩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው የጥናቶች ማውጫ ነው፣ ሳይከፈል ይፈተሻል። ስለ እኛው ሽፈራው፣ ኮንሶና አርባ ምንጭ ስለሚበቅለው፣ ጥናት አለ። ስኳር አወረደ የሚልም አለ። የማንን ስኳር? አሎክሳን በሚባል ኬሚካል ሆን ተብሎ የስኳር በሽታ እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦችን። ሰው ላይ የተሞከሩትን ስፈልግ ጥቂትና ትንንሽ ሆኑብኝ፣ እነሱም በአብዛኛው የሕንዱን ዘመዱን ሞሪንጋ ኦሊፌራን ነው የሚያነሱት። ውሸት የለበትም እኮ! ከአይጥ ወደ እናቴ ሲሻገር ነው የተጨመረበት።

ዋናውን ነገር የተማርኩት ግን ከገጹ ግርጌ ነው። ብዙ የጥናት ጽሑፍ መጨረሻው ላይ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ተመራማሪዎቹ የጥቅም ግጭት ይኑራቸው አይኑራቸውም ይጽፋል። ፐብሜድ ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ የጥቅም ግጭቱን መግለጫ፣ መጽሔቱ ከሰጠው፣ ከአጭር ማጠቃለያው ሥር ያወጣዋል። ዓይኔ አሁን ቀድሞ የሚሄደው እዚያ ነው።

ለምን ካላችሁ፣ የራሱ የስኳር ታሪክ አለ። በፈረንጆቹ 1967 ሦስት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ልብ ሕመም ጻፉ። ጣታቸውን የቀሰሩት ቅባት ላይ ነው፣ ስኳርን አቃለው አለፉት። የአሜሪካ የስኳር ኢንዱስትሪ ያቋቋመው የምርምር ድርጅት 6,500 ዶላር ከፍሏቸው ነበር። ጽሑፉ ስለዚህ ትንፍሽ አላለም፣ በዚያን ጊዜ ተናገሩ የሚል ደንብም አልነበረም። ጉዳዩ በአደባባይ የወጣው በ2016፣ የድሮ ደብዳቤዎች ከማኅደር ወጥተው ሲነበቡ ነው። ደረሰኙ 49 ዓመት ዘገየ ማለት ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ቡና ለጉበት ጥሩ ነው የሚል ጽሑፍ አግኝቼ ለቤተሰቡ በሙሉ ልኬ ነበር። በቡና መጥተህማ ማን ይጠይቃል? በኋላ ስከታተለው ምንጩ የቡና ሳይንሳዊ መረጃ ተቋም የሚባል ሆነ፣ ወጪውን የሚሸፍኑት ትልልቅ የአውሮፓ ቡና ኩባንያዎች ናቸው። ተቋሙ ይህን አልደበቀም፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ያ ማለት ግን ስለ ጉበት የተባለው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ከቡና ሻጭ ጋር ያልተነካካ ሌላ ምንጭ ፈልግ ማለት ነው። ከፋዩን ማወቅ ፍርድ አይደለም፣ ምርመራው ይቀጥል የሚል ምልክት ነው። ለሜትፎርሚንም እንደዚያው አደረግኩ፣ መድኃኒት ኩባንያም ነጋዴ ነውና። በእሱ በኩል ግን ሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ብዙ ነው፣ ገንዘቡም ከአንድ ኪስ ብቻ አልወጣም።

ማኅተምም ሸውዶኛል። አንድ ድረ ገጽ ላይ "ሆንኮድ" የሚል የጥራት ምልክት አይቼ ደስ አለኝ። ምልክቱን የሚሰጠው የጄኔቫ ድርጅት ለካ በ2022 ተዘግቷል። ማኅተሙ ሰጪው ከሄደም በኋላ እዚያው ተለጥፎ ቀርቷል።

አሁን ለእማዬ የማነብላት ከሜድላይንፕላስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ነው የሚከፍልበት፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ጥቂት የአማርኛ ጽሑፎችም አሉት። ይደብራል፣ እውነቱን ለመናገር። ማንም "በ21 ቀን" አይልም።

ዱቄቱን መጣል እምቢ አለች። ሐኪሟም ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለሽ ብትበዪው አልቃወምም፣ ክኒኑን ግን እንዳትነኪ ብሏታል። አክስቴን ደግሞ አልወቀስናትም። ባለፈው ሳምንት ሌላ ቪዲዮ ላከች፣ የዚህኛው ጥቁር አዝሙድ ነው። እማዬ ሳትከፍተው ወደ እኔ አሻገረችው፣ ከኋላው የድምፅ መልእክት አስከትላ። "አንተ ደረሰኝ ተመልካች፣ እስቲ ይቺን እያት። ደግሞ ቶሎ በል፣ አክስትህ መልስ እየጠበቀች ነው።"