መውጫ የሌለው ጥላቻ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን መጽሐፏን ይዛ መጣችና፣ «አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው ተብለን ተምረናል፤ ታዲያ ፀረ ሴማዊነት እኛንም ይጨምራል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይጨምርም። በ1879 ይህን ስም በበርሊን ያስፋፋውና በዚያው ስም ማኅበር ያቋቋመው ጋዜጠኛ ቪልሄልም ማር ስለ አማርኛም ሆነ ስለ ዐረብኛ ደንታ አልነበረውም፤ ያነጣጠረው አይሁድ ላይ ብቻ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጅቷ በመልሱ ረክታ ሄደች። እኔ ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። አይሁድን መጥላት ያን ያህል የቆየ ነገር ከሆነ፣ ማር አዲስ ስም ያስፈለገው ለምንድን ነው?

የድሮው ጥላቻ የሃይማኖት ነበር። ክርስቶስን ሰቀሉ ተባሉ፤ ልጅ ሞቶ ሲገኝ ደሙን ፈልገው ነው ተባሉ፤ በ1215 በሮም የተሰበሰበው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላተራን ጉባኤ ከክርስቲያኖች በልብስ እንዲለዩ ወሰነ። በየካቲት 1349 በስትራስቡርግ፣ ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ገና ከተማዋ ሳይደርስ፣ የውኃ ጉድጓድ መርዘዋል ተብለው በእሳት ተቃጠሉ። የዚያን ዘመን ታሪክ የመዘገበው ጸሐፊ ታዲያ አንድ ነገር አክሏል፤ ለመጠመቅ የፈቀዱት ተርፈዋል። ምርጫው አረመኔያዊ መሆኑን ማንም አይስተውም። ቢሆንም መውጫ በር ነበረ።

ያ በር መዘጋት የጀመረው በበርሊን ይመስለኝ ነበር፤ ሳነብ ግን ከ400 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄድኩ። በ1449 የስፔኗ ቶሌዶ ከባድ ግብር ተጣለባት። ሕዝቡ ተቆጥቶ የአንድ ሀብታም ነጋዴ ቤት አቃጠለ። ነጋዴው ከአይሁድ ወገን የተወለደ ክርስቲያን ነበር። ዐመፁን የመራው ፔድሮ ሳርሚየንቶ በዚያው ሰሞን ደንብ አወጣ፤ ከአይሁድ የተወለደ ሁሉ፣ ቢጠመቅም፣ በከተማዋ ሹመት እንዳይዝ። የሚገርመው የተቃወመው ማን እንደሆነ ነው። የሮማው ጳጳስ ኒኮላስ አምስተኛ በዚያው ዓመት ደንቡን አወገዙ፤ ጥምቀት ሰውን ካላስተካከለ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ራሱ ምን ሊሆን ነው? ውግዘቱ ግን አላቆመውም። በ1547 የራሷ የቶሌዶ ካቴድራል የ«ንጹሕ ደም» ደንብ አጸደቀች።

ማርም የፈለገው ይህንኑ ነው። ሃይማኖት የማይነካው፣ ሳይንስ የሚመስል ስም። አይሁዱ ቢጠመቅ፣ ጀርመንኛ ቢራቀቅ፣ ለጀርመን ቢሞት እንኳ አይለወጥም ሊል ነው።

ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ፌሊክስ ሜንዴልሶን ነገሩን ከማንም በላይ ያስረዳኛል። በ1816፣ በሰባት ዓመቱ ተጠመቀ፤ ፕሮቴስታንት ሆኖ ኖሮ ፕሮቴስታንት ሆኖ ሞተ። ጀርመኖች ረስተውት የነበረውን የባኽን የሙዚቃ ድርሰት፣ የማቴዎስ ሕማማትን፣ በ1829 በርሊን ውስጥ መልሶ ያሰማው እሱ ነው። የላይፕዚግ ከተማም ሐውልት አቆመችለት። በኅዳር 1936 ከንቲባው ካርል ጎርደለር ውጭ አገር ሳሉ ናዚዎች ሐውልቱን በሌሊት አነሱት። ከንቲባው ተመልሰው ይህን ባዩ ጊዜ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከሞተ 90 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ለቀረው ክርስቲያን አይሁድነቱን መልሰው አለበሱት!

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣው የናዚዎች የኑረምበርግ ሕግ ደግሞ በአሳዛኝነቱ ላይ ቧልት የተጨመረበት ነው። በደም ውስጥ «ይኸ የአይሁድ ነው» የሚያሰኝ ምልክት አልተገኘማ! ስለዚህ አያት ቆጠሩ። ከአራቱ አያቶቹ ሦስቱ አይሁድ የሆኑበት ሰው አይሁድ ነው አሉ። አያትየው አይሁድ መሆኑ በምን ይታወቃል? የአይሁድ ሃይማኖት ማኅበር አባል ከነበረ። ዘር ነው፣ ሳይንስ ነው ሲሉ የኖሩት ሰዎች መጨረሻቸው የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ማገላበጥ ሆነ። በዚህ መዝገብ ስንት ሰው ለሞት እንደተለየ ባላውቅ ኖሮ እስቅ ነበር።

ወደ አገራችንም ሐሳቤ ሄዷል። ጎንደር ውስጥ ቤተ እስራኤላዊው አንጥረኛ የሠራውን ማረሻ ቀን የገዛ ገበሬ፣ ማታ ቡዳ ነው፣ ጅብ ሆኖ ይመጣብኛል ብሎ ይፈራው ነበር። ይህን ፀረ ሴማዊነት ለማለት አልቸኩልም፤ ቡዳነቱ ከእጅ ሥራው ጋር የተያያዘ ነው፣ ክርስቲያን አንጥረኛም አልተረፈም። ግን ቡዳነት በዘር ይወረሳል ይባል ስለነበር ጥምቀት የሚያነጻው ነገር አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥላቻው ስሙን መደበቅ ተማረ። በሶቪየት ኅብረት «ሥር የለሽ ኮስሞፖሊታን» (አገር የሌለው የዓለም ዜጋ እንደ ማለት) የተባሉት እነማን እንደሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር። በ1953 መጀመሪያ መሪዎችን ሊገድሉ አሲረዋል የተባሉት ሐኪሞች አብዛኞቹ አይሁድ ነበሩ፤ የተፈቱት ስታሊን ከሞተ በኋላ ነው።

ዛሬ ክርክሩ ስለ እስራኤል ሆኗል። ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት በ2016 የተቀበለው የፀረ ሴማዊነት ፍቺ ከ11 ምሳሌዎቹ ሰባቱ እስራኤልን ይመለከታሉ፤ በዚህ ያልተስማሙ ምሁራን በ2021 የኢየሩሳሌም መግለጫ የተባለውን አወጡ። ሁለቱንም አነበብኳቸው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ የአንድን መንግሥት ጦርነትና ሰፈራ አምርሮ መንቀፍ ጥላቻ አይደለም፣ የእኛንም መንግሥታት ስንነቅፍ ኖረናል። ነቃፊ መንግሥቱ አድራጎቱን ቢለውጥ የሚረካበት ነገር አለው። አይሁድን የሚጠላው ግን በምንም አይረካም፤ አይሁዱን ባለ ባንክ ነው ብሎም ይጠላዋል፣ ኮሚኒስት ነው ብሎም ይጠላዋል። በጥር 2015 ፓሪስ ውስጥ አንድ የኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ) መደብር ገብቶ አራት አይሁድ የገደለው ሰው ያነጣጠረባቸው አይሁድ በመሆናቸው ነው፤ ስለ እስራኤል መንግሥት ምን ያስቡ እንደነበር ጉዳዩ አልነበረም።