በቀስቱ ላይ ሁለት ጭረት

ዛሬ ያለ ምክንያት ከፍቶኝ ነው የዋልሁት። ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት መግባት አስጠላኝና ወደ ሐዋሳው ፍቅር ሐይቅ ወረድሁ። ሐይቁን እያየሁ የጥቁር ውኃ ወንዝ እየገባበት እሱ ግን ምንም የሚወጣ ወንዝ እንደሌለው አሰብሁ። የገባው ደለል እዚያው ይጠራቀማል። ከዚያ ስለሚጠራቀም ነገር ሁሉ ሳስብ የሰሞኑ ዐውደ ጥናት ትዝ አለኝ፤ ሐይቁን ረሳሁት።

የተሰበሰብነው በአንድ ጤና ተቋም ስላለው የተመላላሽ ታካሚዎች ሰልፍ በጋራ የምክንያትና የውጤት ሥዕል፣ ማለትም ምን ምንን እንደሚያመጣ በቀስት የሚያሳይ ሥዕል፣ ለመሥራት ነበር። ሐኪሞቹ የባለሙያ እጥረት አሉ፤ አስተዳደሩ በጀት አለ። ከካርድ ክፍል የመጣችው እህት እስከ ምሳ አልተናገረችም። ከምሳ በኋላ ግን እንዲህ አለች፦ «ዶክተር፣ ረፋድ ላይ የመጣውን ሰው የዛሬው ተራ አልቋል ብለን እንመልሰዋለን። እሱም በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በሩ ላይ ይቆማል። ይህን የሰማ ጎረቤቱ ደግሞ 9 ሰዓት ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ባዶ ነው።» ቀስቶቹን ስናገናኛቸው ዑደቱ ተዘጋ፤ ሰልፉን የሚያረዝመው የሰልፉ ፍርሃት ራሱ ነበር። ከስንት ወር ሪፖርት ያላገኘነውን ነገር በጥቂት ዓረፍተ ነገር ሰጠችን።

ማምሻውን መጠይቅ ታደለ። ዐውደ ጥናቱ ጠቃሚ ነበር? በጣም። ግንዛቤዎ ጨምሯል? በጣም። ውጤታማ ተብሎ ተመዘገበ።

ያናደደኝ ይህ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጄይ ፎሬስተር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሲስተም ዳይናሚክስን፣ ማለትም የነገሮች የእርስ በርስ ዑደት በጊዜ ሂደት የሚያመጣውን ለውጥ የሚያጠናውን ዘርፍ፣ መሠረት ሲጥል ከዋና ትምህርቶቹ አንዱ ውጤት ከምክንያቱ ዘግይቶ እንደሚመጣ ነበር። ለዚህም ነው መዘግየት ያለበትን ቀስት በሁለት አጫጭር ጭረቶች የምናቋርጠው። ቀኑን ሙሉ ጭረቱን ስናስተምር ውለን፣ የራሳችንን ሥራ ግን በዚያው ዕለት ማታ እንለካለን! እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የግምገማ ጥናት 107 የቡድን ሞዴል ግንባታ ሥራዎችን፣ ማለትም እንደ እኛው ባለጉዳዮች ተሰብስበው ሥዕሉን በጋራ የሚሠሩባቸውን፣ መርምሮ ነበር፤ የሚበዙት በጎ ውጤት ዘግበዋል፣ የተለኩበት መንገድ ግን እጅግ የተለያየ ነው። የተሳታፊ እርካታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በክብር የተስተናገደ ሰው ጥሩ ነጥብ ይሰጣል።

እኔ የምፈልገው ከወራት በኋላ ቃለ ጉባኤውን ማየት ነው። የእህታችን ቀስት ዕቅድ ውስጥ ገብቷል? የከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ተጀምሯል? በሚቀጥለው ስብሰባ እሷ ተጠርታለች? ሰልፉ ቢያጥርም እንኳ ምስጋናው የእኛ ላይሆን ይችላል፤ በአቅራቢያው ሌላ ጤና ጣቢያ ተከፍቶ፣ አዲስ ሐኪም ተመድቦ ሊሆን ይችላል። ለማነጻጸሪያ የምናስቀምጣት ሁለተኛ ሐዋሳ የለችንም። ስለዚህ ከሰልፉ ርዝመት በፊት ውሳኔውን ራሱን፣ ማን እንዳነሣውና የት እንደቀረ፣ ደረጃ በደረጃ መከታተል አለብን ባይ ነኝ። አድካሚ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብና የሕመምተኛ ጊዜ ያለበት ነገር ግን ይህን ያህል ድካም ይገባዋል።

ትናንት ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። ሰልፉ እንዳለ ነው። ከዐውደ ጥናቱ ሐኪሞች አንዱ ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ካርድ ክፍል እየገባ የዕለቱን ተራ እህታችንን መጠየቅ ጀምሯል፤ ከዚያ በፊት ስሟን እንኳ አያውቅም ነበር አሉ። ይህን ከውጤት እቆጥረዋለሁ። በሪፖርቱ የትኛው ዓምድ ላይ ነው የማሰፍረው?