ከሰል እና ንዳካሲ

ዛሬ ከሰዓት መብራት ስለጠፋ ቡናውን በከሰል አፈላነው። ማዳበሪያው ውስጥ እጄን ሰድጄ ያወጣሁት አንዱ ከሰል እንጨትነቱ ገና አልለቀቀውም ነበር፤ የዛፉ ቀለበቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ይዤው ትንሽ ቆየሁ። እማዬ «ምን ታያለህ ልጄ? ጨምረው እንጂ፣ እሳቱ ሊጠፋ ነው» አለችኝ። ጨመርኩት። ልቤ ግን ምሥራቅ ኮንጎ ሄዷል።

እዚያ ስላለው የቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ማንበብ ያስጀመረኝ አንድ ፎቶ ነው። ንዳካሲ የምትባል የተራራ ጎሪላ ራሷን አሳዳጊዋ አንድሬ ባውማ ደረት ላይ ጥላ፣ እሱም አቅፏት ተቀምጧል። መሞቻዋ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያገኟት የሁለት ወር ጨቅላ ነበረች፤ የተገደለች እናቷን ሬሳ ሙጭጭ ብላ እንደያዘች። ባውማ ያን ሌሊት እርቃን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲያሞቃት አደረ። በ14 ዓመቷ፣ በመስከረም 2021፣ ያረፈችውም እዚያው ክንዱ ላይ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

በዚያው በ2007 ሐምሌ ወር ሴንክዌክዌ የተባለው አውራ ጎሪላ ከቤተሰቡ ጋር በጥይት ተገደለ። ሥጋቸውን የወሰደ የለም። የአካባቢው ሰዎች ያን ግዙፍ ሬሳ በቅርንጫፍ ቃሬዛ ተሸክመው፣ እንደ ሰው ቀብር ተሰልፈው ከጫካው አወጡት። የግድያው ዱካ የመራው ወደ ከሰል ንግድ ነው። የፓርኩ ጠባቂዎች ደን እየቆረጡ የሚያከስሉትን ስለከለከሉ፣ ጎሪላዎቹ የበቀል ማስፈራሪያ ሆኑ።

ፓርኩ በ1925 የተመሠረተ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። በአካባቢው አለ የሚባለው ነዳጅ ብዙ ያነጋግራል፤ በ2022 መንግሥት ፓርኩን የሚነኩ ቦታዎችን ሳይቀር ለጨረታ አቅርቦ፣ በ2024 ጨረታውን ሰርዞታል። ከሰሉ ግን ጨረታ የለውም፤ በማዳበሪያ በማዳበሪያ ይወጣል። ታጣቂዎች በየኬላው ይቀርጡታል፣ በቀረጡት ጥይት ይገዛሉ። እስካሁን ከ200 በላይ ጠባቂዎች ሞተዋል፤ በሚያዝያ 2020 በአንድ ቀን ብቻ 12። ብዙዎቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው።

በፓርኩ አቅራቢያ ባለችው ጎማ ከተማ ውስጥ ማካላ (ከሰልን እዚያ እንዲህ ይሉታል) ገዝታ ለልጆቿ የምታበስለውን እናት ግን ልወቅሳት አልችልም። ምን ታድርግ? ባቄላ በጥሬው አይበላ። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ዜና ማቴቤ ላይ የተሠራው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ከፓርኩ ተራሮች በሚወርድ ውሃ ይሠራል፤ ከ2015 ጀምሮ ለአካባቢው መብራት ይሰጣል። አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ምድጃ ወጥ ስትሠራ ጫካው ውስጥ አንድ ዛፍ ቆሞ ያድራል፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ። የተራራ ጎሪላዎችም ቪሩንጋንና አጎራባች አገሮችን ጨምሮ ዛሬ ከ1,000 በልጠዋል። ያ ሁሉ ሰው የሞተበት ቁጥር ነው።

ማታ መብራት መጣ። ምድጃው ውስጥ አመዱን ስገፋ ያ ከሰል ግማሹ ሳይነድ ቀርቷል፤ ቀለበቶቹ አሁንም ይታያሉ። እማዬ ማዳበሪያው ሊያልቅ ነው፣ ነገ ግዛ ብላኛለች። ከሰል ሻጯን ከየት እንደሚመጣላት አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።