ሐኪም በሳሎን ቴሌቪዥን

አዳማ፣ ማክሰኞ ማታ

የቪዲዮ ምክክርን ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ማውጣት የሚጠቅመው ታማሚውን ነው። ዓይናቸው የደከመ እናት የሐኪሙን ፊት በ43 ኢንች ያዩታል፤ ከንፈሩን እያዩ ማዳመጡ ለጆሮም ያግዛል። ሐኪሙ ግን የሚያየው የስልኩ ካሜራ የሰጠውን ብቻ ነው። ይህ ይዘነጋና ስልኩ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ሲያሳይ ይውላል። ቦታው ቴሌቪዥኑ ፊት፣ መሃል ላይ፣ በታማሚው ዓይን ትክክል ቆሞ ነው።

ለማገናኘት ኬብል እመርጣለሁ። በዋይፋይ የሚሄደው ምስልና ድምፅ ይዘገያል፤ አባት መመለስ ሲጀምሩ ሐኪሙ ሌላ ጥያቄ ላይ ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች ግን በቻርጅ ቀዳዳቸው ምስል አያወጡም። ሰው ኬብሉ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ስልኩን ሱቅ ይዞ ሄዶ ሞክሮ መግዛት ይሻላል። ኬብሉ ቀዳዳውን ስለሚይዝ ባትሪው ቀድሞ ይሞላ። ጥሪው በሞባይል ዳታ ከሆነ፣ መብራት ቢሄድ (ይሄዳል) የሚጠፋው ስክሪኑ ብቻ ነው፤ ንግግሩ ስልኩ ላይ ይቀጥላል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሲበዛ ማይኩ መልሶ ይለቅመውና ሐኪሙ የራሱን ድምፅ እየሰማ ይደናገራል፤ ድምፁን ቀንሶ ወንበሩን ማስጠጋት ነው።

መስኮት ከፊት ይሁን እንጂ ከጀርባ አይሁን። ቢጫ አምፖል ጤነኛ ዓይንን ቢጫ ያስመስላል፣ የስክሪኑ ብርሃን ደግሞ ፊት ያገረጣል፤ የዓይንና የቆዳ ቀለም የሚታየው በቀን ብርሃን ነው።

በ1968 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች በሎጋን አየር ማረፊያ ያሉ ታማሚዎችን በቴሌቪዥን ማየት ሲጀምሩ፣ ታማሚው አጠገብ ነርስ ትቆም ነበር። ቤት ውስጥ ያ ቦታ የልጅ ወይም የምራት ነው፤ ለእኔ ከስክሪኑ ይልቅ ወሳኙ እሱ ነው። እግር አብጦ እንደሆነ ካሜራውን አስጠግቶ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ አጥንቱን በአውራ ጣት ለ5 ሰከንድ ያህል ተጭኖ፣ ሲለቀቅ ጉድጓድ መቅረቱን ማሳየት። ትንፋሽን ሙሉ 1 ደቂቃ መቁጠር። ግፊት ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና የለም፤ ጀበናው ቀርቦ ከሆነ ቀጠሮው ይገፋ። 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይቆላለፍ፣ ክንድ በልብ ትክክል፤ ከዚያ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ መለካት። ለወፍራም ክንድ የጠበበ መጠቅለያ ቁጥሩን ከእውነተኛው በላይ ያወጣዋል። ስኳር ሲለካ ማንጎ የነካ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ እንዲሁ። የመድኃኒት ጽሑፍ በቪዲዮ አይነበብም፤ ፎቶው ቀድሞ ይላክ፣ ዳማከሴና ፌጦም ካለ ሳይደበቅ ይነገር።

ደረት የሚጨመቅ ከሆነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም አንድ ጎን ከዛለ ይህ ሁሉ አይሠራም። ባጃጅም ቢሆን ተይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ስለ ሳሎኑ ደግሞ። በአዳማ ሙቀት በር ተከፍቶ ነው የሚኖረው፤ ሐኪሙ በቴሌቪዥን የሚናገረውን ግቢው ሁሉ ይሰማል። ስለ ሽንት ሲጠየቁ ምራት ፊት «ደህና ነው» የሚሉ አባት ዋሹ አልልም፣ አፈሩ እንጂ። የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ስልኩን ከኬብሉ ነቅሎ፣ መኝታ ቤት አስገብቶ፣ ለብቻቸው መስጠት ነው።