የዴል ፖትሮ የግራ እጅ አንጓ

በፌብሩዋሪ 2022 ቦነስ አይረስ በተካሄደው የቴኒስ ውድድር አርጀንቲናዊው ሁዋን ማርቲን ዴል ፖትሮ የአገሩን ልጅ ፌዴሪኮ ዴልቦኒስን ገጥሞ 6 ለ 1 እና 6 ለ 3 ተሸነፈ። ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ዕንባውን መቆጣጠር ተስኖት ነበር፤ ሲያልቅም የግንባር ማሰሪያውን መረቡ ላይ ትቶት ከሜዳው ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እርሱ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስታውሱት ይህን ስንብት ወይም በ2009 በኒው ዮርኩ ዩኤስ ኦፕን ያነሳውን ዋንጫ ነው። እኔ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው 2016 ነው፤ ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎት በቀኝ እጁ ብቻ የተጫወተበት ዓመት።

ዴል ፖትሮ የተወለደው በሴፕቴምበር 1988 ታንዲል በምትባል፣ ከአርጀንቲና ዋና ከተማ በስተደቡብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በኮረብታዎች መካከል በምትገኝ ከተማ ነው። ከተማዋ ቀድሞ ስሟ የሚነሳው በገደል ጫፍ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ሲወዛወዝ ኖሮ በ1912 በወደቀው ግዙፍ ድንጋይዋ ነበር። ድንጋዩን ለተጫዋቹ ሕይወት ምሳሌ ማድረግ ያጓጓል፤ ይቅርብኝ። ይልቅ የሚያስደንቀው ያች ከተማ ያፈራቻቸው የቴኒስ ተጫዋቾች ብዛት ነው፤ ጊዬርሞ ፔሬስ ሮልዳን፣ ማሪያኖ ሳባሌታና ሁዋን ሞናኮ ሁሉም የታንዲል ልጆች ናቸው። ዴል ፖትሮን በልጅነቱ ያሠለጠነው ማርሴሎ ጎሜስም ሳባሌታንና ሞናኮን ያሳደገ ሰው ነው።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ98 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ቁመት ያለው ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ በሰርቭ (ነጥቡን በሚያስጀምረው ምት) ጉልበት ይኖርና ኳሱ ሲመላለስ ይደክማል፤ ዴል ፖትሮ ግን ከኋላ መስመር ላይ ቆሞ ኳስ መመላለስ የሚወድ ሰው ነበር። በ2008 በጁላይና በኦገስት በሽቱትጋርት፣ በኪትስቢዩል፣ በሎስ አንጀለስና በዋሽንግተን አከታትሎ ሲያሸንፍ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ዋንጫዎቹን በተከታታይ በተሳተፈባቸው አራት ውድድሮች በማንሳት ከእርሱ በፊት ማንም ያላደረገውን አደረገ። በቀጣዩ ዓመት በዩኤስ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ራፋኤል ናዳልን 6 ለ 2፣ 6 ለ 2፣ 6 ለ 2 አሸነፈው፤ ሦስቱም የጨዋታ ክፍሎች በአንድ ዓይነት ውጤት ማለቃቸው ዛሬም ይገርመኛል።

የፍጻሜው ተጋጣሚ በኒው ዮርክ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነውና በዚያ ውድድር 40 ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ የዘለቀው ሮጀር ፌደረር ነበር። ፌደረር የመጀመሪያውን ክፍል ወስዶ፣ በሁለተኛውም 5 ለ 4 እየመራ ለመጨረስ ሰርቭ ያደርግ ነበር፤ ያን ጊዜ ሃያ አንደኛ ልደቱ ዘጠኝ ቀን የቀረው ወጣት ፎርሃንዱን (በቀኝ ጎኑ የሚመታውን ምት) ያለ ስስት መልቀቅ ጀመረ። የዴል ፖትሮ ፎርሃንድ ኳሱን አሽከርክሮ ከፍ የሚያደርግ ምት አልነበረም፤ ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ኳሱን ጠፍጣፋ አድርጎ ይመታዋል፣ ፍጥነቱም አንዳንዴ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር። ጨዋታው 3 ለ 6፣ 7 ለ 6፣ 4 ለ 6፣ 7 ለ 6፣ 6 ለ 2 አለቀ። በአንድ ግራንድ ስላም (ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች በአንዱ) ናዳልንም ፌደረርንም ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ፤ ከ1977ቱ ጊዬርሞ ቪላስ በኋላም ይህን ዋንጫ ያነሳ አርጀንቲናዊ ወንድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በቀዶ ሕክምና የተከፋፈለ ነው። በሜይ 2010 የቀኝ እጁ አንጓ ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና የዓለም ደረጃው ከ450ኛ በታች ወረደ፤ ተመልሶም በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ በፌደረር ከ4 ሰዓት ከ26 ደቂቃ በኋላ ተሸንፎ፣ ኖቫክ ጆኮቪችን በመርታት ነሐስ ወሰደ። የዚያ ግማሽ ፍጻሜ የመጨረሻ ክፍል 19 ለ 17 ነበር ያለቀው። በ2014 ደግሞ ተራው የግራ አንጓ ሆነ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በጁን 2015 ለሦስተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ቴኒስን ከሩቅ ለሚከታተል ሰው ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች የግራ አንጓው ቢታመም ብዙም የሚጎዳ አይመስለውም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ባክሃንዱን (ወደ ግራ ጎኑ የመጣውን ኳስ የሚመልስበትን ምት) በሁለት እጅ የሚመታ ቀኝ እጀኛ፣ ምቱን የሚገፋው በግራ እጁ ነው፤ ቀኙ ራኬቱን ይይዛል፣ ይመራል፣ ኃይሉ ግን ከግራው ይመጣል። ኳሱ ራኬቱን በሚነካበት ቅጽበት ያ ግራ አንጓ ወደ ኋላ ታጥፎ መልሶ መፈንጠር አለበት፤ በሺዎች ጊዜ የተደጋገመ ይህ መታጠፍ ነው ጅማቱን የጎዳው። ስለዚህ ዴል ፖትሮ በፌብሩዋሪ 2016 በፍሎሪዳዋ ዴልሬይ ቢች ሲመለስ፣ ደረጃው ከ1,000ኛ በታች ከመውረዱም በላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠቀምበት ከኖረው ጨዋታ ግማሹን ተነጥቆ ነበር።

ያገኘው መፍትሔ ስላይስ ነው፤ ራኬቱን በአንድ እጅ ይዞ የኳሱን ሥር ወደ ታች እየፋቀ መምታት። እንዲህ የተመታ ኳስ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሲነጥርም ዝቅ ይላል፤ ነጥብ ለማግኘት ሳይሆን ጊዜ ለመግዛት የሚውል ምት ነው። ተጋጣሚዎቹ ሁሉ ይህን ስለሚያውቁ ኳሱን ወደ ግራ ጎኑ ይልኩለታል፤ እርሱም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስላይስ እየመለሰ ይጠብቃል፤ ከዚያ ኳሷ ትንሽ አጥራ ስትመጣ በእነዚያ ረጃጅም እግሮቹ ዞሮ በፎርሃንድ ይጨርሳታል። አንድ መንገድ ብቻ እንዳለው ሜዳው ላይ ያለውም የሚያየውም ሁሉ ያውቃል፤ ያም ሆኖ መንገዱን መዝጋት ከባድ ነበር። የ2009ኙ ዴል ፖትሮ ወጣትነትና ጉልበት የነበረው ሰው ነው። የ2016ቱ ግን አሳቢ ነበር፤ ለእኔ የሚበልጠውም እርሱ ነው።

በኦገስት 2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ዙር ዕጣው ከዓለም አንደኛው ከጆኮቪች ጋር አገናኘው፤ የእርሱ ደረጃ 141ኛ ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት በአትሌቶች መንደር ሊፍት ውስጥ ለ40 ደቂቃ ያህል ተቆልፎበት ነበር። ማታ ሜዳ ላይ ግን የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ክፍል 7 ለ 6 አሸነፈ። ሁለቱ መረቡ ላይ ተቃቅፈው ለጥቂት ጊዜ ቆዩ፤ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ናዳልን በ5 ለ 7፣ 6 ለ 4፣ 7 ለ 6 ጥሎ ፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያም በአንዲ መሪ በአራት ክፍል ተሸንፎ ብር ወሰደ። ብሩን ከኒው ዮርኩ ዋንጫ አስበልጣለሁ ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ሳቃቸው አልከፋኝም፣ ሐሳቤም አልተለወጠም።

በዚያው ዓመት የዴቪስ ካፕ ነበር። አርጀንቲና ይህን የአገሮች ዋንጫ ፍለጋ በ1981፣ በ2006፣ በ2008 እና በ2011 ለፍጻሜ ደርሳ አራቱንም ጊዜ ተሸንፋለች፤ በ2008ቱ በገዛ አገሯ በማር ዴል ፕላታ ስትሸነፍ ወጣቱ ዴል ፖትሮ በጉዳት ከጨዋታ ወጥቶ ነበር። በ2016 ግን ቡድኑ ሁሉንም ግጥሚያዎች በሰው አገር እየተጫወተ መጣ። ግላስጎው ላይ ዴል ፖትሮ አንዲ መሪን ከአምስት ሰዓት በላይ ታግሎ አሸነፈው። በኖቬምበር በፍጻሜው ዛግሬብ ላይ ክሮኤሺያ አርጀንቲናን 2 ለ 1 እየመራች ሳለ ዴል ፖትሮ ከማሪን ቺሊች ጋር ገጠመ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ተሸነፈ፣ በጨዋታው መካከል የግራ እጁ ትንሽ ጣት ተሰበረ፣ ቀጥሎም ሦስቱን ክፍሎች አከታትሎ ወሰደ። በሕይወቱ ከሁለት ክፍል ኋላ ተነሥቶ ሲያሸንፍ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ድሉን የጨረሰው ግን እርሱ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ገብቶ ኢቮ ካርሎቪችን በቀጥታ ሦስት ክፍል አሸንፎ ዋንጫውን ለአገሩ ያረጋገጠው ፌዴሪኮ ዴልቦኒስ ነው። በ2022 ቦነስ አይረስ ላይ ከመረቡ ማዶ የቆመው ያው ሰው።

የግራ አንጓው ከጊዜ በኋላ እየበረታ ሲመጣ ባክሃንዱም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በ2017 በዩኤስ ኦፕን በሕመም ተዳክሞ ሳለ ዶሚኒክ ቲምን ከሁለት ክፍል ኋላ ተነሥቶ፣ ቲም ያገኛቸውን ሁለት የማሸነፊያ ነጥቦችም ተቀባዩ ባልነካቸው ሰርቮች አምልጦ አሸነፈው። በማርች 2018 በኢንዲያን ዌልስ ፍጻሜ ፌደረር ሦስት የማሸነፊያ ነጥብ አግኝቶ ሳይጠቀምበት ቀረ፤ ዋንጫው የዴል ፖትሮ ሆነ። በዚያው ዓመት ኦገስት የዓለም ሦስተኛ ሲሆን፣ ይህ በሕይወቱ ያገኘው ከፍተኛ ደረጃ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ በሻንግሃይ ወደቀና የቀኝ ጉልበቱ ሎሚ ተሰነጠቀ። በጁን 2019 ለንደን ውስጥ በኩዊንስ ውድድር ያው አጥንት እንደገና ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምናው በላይ በላዩ ተደራረበ። አንጓ ሲታመም ምትን መቀየር ይቻላል፤ ለጉልበት ግን ስላይስ የለውም።

«ባይጎዳ ኖሮ ስንት ዋንጫ ይወስድ ነበር?» የሚለው ስሌት አይማርከኝም። በሙያ ዘመኑ 22 ዋንጫዎችን አንስቷል፤ ከ2005ቱ የፈረንሳይ ኦፕን እስከ 2012ቱ ዊምብልደን ድረስም ከፌደረር፣ ከናዳልና ከጆኮቪች ሌላ በወንዶች ነጠላ ግራንድ ስላም ያሸነፈ ሰው እርሱ ብቻ ነው።

በኖቬምበር 2024 ባሰራጨው ቪዲዮ ደረጃ መውጣት እንኳ እንደሚያሳምመው ተናገረ። ከቀናት በኋላ፣ በዲሴምበር 1፣ ቦነስ አይረስ ላይ የስንብት ጨዋታ አደረገ፤ ከመረቡ ማዶ እንዲቆም የጋበዘው ሰው ኖቫክ ጆኮቪች ነበር።