ፍራይ ውሻውን ለምን ተወው? አንድ የፉቱራማ ክፍል እንዴት እንደፈተሽኩ

ፉቱራማ የተባለውን የአሜሪካ የካርቱን ተከታታይ የሚወድ ሰው «ጁራሲክ ባርክ» ሲባል ፊቱ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 የታየ ክፍል ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ኤሚ ለተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ታጭቷል። ያለቀሰበት ሁሉ ያወድሰዋል። እኔ ደግሞ እንባው ከደረቀ በኋላ ታሪኩ በራሱ እግር ይቆም እንደሆነ ማየት ፈለግኩ። መጨረሻውን ስለምናገር ያላያችሁት ቀድማችሁ እዩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒዛ አመላላሹ ፍራይ እ.ኤ.አ. በ2000 ዋዜማ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወድቆ 1000 ዓመት ተኝቷል። በአዲሱ ዘመን ሙዚየም ሲገባ የድሮ ውሻውን፣ ሲሞርን፣ ድንጋይ ሆኖ ያገኘዋል። ፕሮፌሰር ፋርንስወርዝ ከነትዝታው መልሼ ልሠራው እችላለሁ ይላል። ሮቦቱ ቤንደር ይቀናና ድንጋዩን የቀለጠ አለት ውስጥ ይወረውረዋል፤ ኋላ ተጸጽቶ ራሱ ገብቶ ያወጣዋል። ሁሉ ነገር ከተሰናዳ በኋላ ሲሞር የሞተው በ15 ዓመቱ እንደሆነ ይታወቃል። ፍራይ የተለየው በ3 ዓመቱ ነው። «12 ዓመት ያለ እኔ ኖሯል፣ ረስቶኛል» ብሎ ሥራውን ያስቆማል።

መጀመሪያ ምንም ሳልጽፍ ዝም ብዬ አየሁት። ስደግመው ወረቀት ለሁለት ከፈልኩ። በአንድ በኩል ፍራይ የሚያውቀውን፣ በሌላው እኛ የምናውቀውን ጻፍኩ። ከዚህ ሥራ የሚጠቅም ነገር ካለ ይሄ ወረቀት ነው። «ምን ዓይነት ደደብ ነው!» የሚለው ስድብ ሁሉ የሚመጣው ከመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። ሲሞር ፒዛ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ፣ ዓመት ዓመትን ሲተካ፣ አርጅቶ ዓይኑን እስኪከድን ይጠብቃል። ያንን ግን ፍራይ አላየውም። የታየው ለእኛ ብቻ ነው። ስለዚህ የፍራይን ውሳኔ ስመዝን ያንን ትዕይንት እንዳላየሁ መሆን ነበረብኝ።

ይሄም ሆኖ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ይህ ሰው ውሻውን ለማስመለስ ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ ሦስት ቀን እየጨፈረ ተቃውሞ ያደረገ ግትር ነው። ታዲያ በአንድ ቁጥር እጁን ይሰጣል? መልሱን ያገኘሁት የተከታታዩ መጀመሪያ ክፍል ላይ ነው። በዚያች የዘመን መለወጫ ሌሊት ፍቅረኛው ከሌላ ሰው ጋር ስትሄድ ያያል፤ ያደርስ የነበረው ፒዛም ለቀልድ የታዘዘ ኖሯል። እንዲህ ያለ ሰው «ተረስተሃል» ሲባል ማስረጃ አይጠይቅም። በባሕሪው በኩል ውሳኔው ልክ ነው።

ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም እሱን ነው። ፕሮፌሰሩ ትዝታውም ይመለሳል ብሏል። እንግዲያው ውሻው ነቅቶ ፍራይን ቢያይ በአንዲት ደቂቃ ይለይ ነበር፦ ጭራውን ይቆላል ወይ አይቆላም! ፍራይ ልቡ ስለተሰበረ ይህን ባያስብ አይገርምም። ሌሎቹስ? ፕሮፌሰሩ እንኳ «ቆይ፣ ይንቃና እንየው» አይልም። የመጨረሻው ትዕይንት የተገዛው በእነሱ ዝምታ ነው። ሂሴን የጻፍኩት በዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። ትዝታው አይመለስም ቢባል ኖሮ ቀዳዳው ይደፈናል።

ሳይንሱን ብዙ አልነካሁትም። ድንጋዩም ቤንደርም ያልቀለጡት ዶሎማይት የሚባል ማዕድን ስላለባቸው ነው ይባላል። የተፈጥሮ ዶሎማይት የካልሲየምና የማግኒዢየም ካርቦኔት ስለሆነ በዚያ ሙቀት ይበታተናል። የተቃጠለው ግን የብረት ማቅለጫ ምድጃ ይለበጥበታል፤ ስለዚህ ቀልዱ ከባዶ አልመጣም። ለእኔ የሚመዘነው የታሪኩ ዓለም ሕግ መቼ እንደተነገረ ነው። የድንጋዩ ዶሎማይት የተነሳው በተፈለገበት ሰዓት ነው፣ ይሄ ስንፍና ነው። ቤንደር «40 በመቶ ዶሎማይት ነኝ» ማለቱ ግን ያስኬዳል፤ በሌሎች ክፍሎችም 40 በመቶ ይህን ነኝ፣ ያን ነኝ እያለ ነው የኖረው።

የቤንደር ቅናት? እሱ በደንብ ተሠርቷል። የሮቦት ቡችላ ይዞ ፍራይን ለማስቀናት ሲሞክር ማየት ብቻ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ቤንደርስ ቢግ ስኮር» የተባለው የፉቱራማ ፊልም ሌላ ፍራይ ወደ ድሮው ዘመን ተመልሶ እስከ 2012 ከሲሞር ጋር እንደኖረ ይነግረናል። ሒሳቡ ይገጥማል፣ 12 ዓመት። እኔ ግን አላስገባሁትም። በ2002 ያየ ሰው ያ ፊልም አልነበረውም፤ ክፍሉ መመዘን ያለበት በያዘው ነው። ፊልሙን ለብቻው እመለስበታለሁ። የጊዜ ጉዞ ሕጉ ብቻውን ሌላ ወረቀት ይፈጃል።