አንድ ዴስክ፣ አንድ እስክሪብቶ

የ6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። 63 ተማሪ፣ 21 ዴስክ፣ 40 ደቂቃ። ለዓመታት በቡድን አሠራለሁ ስል የኖርኩት ለካ ኩረጃን በቡድን ማደራጀት ነበር። አንድ ለአምስት ታውቁት የለ? አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። አንድ ቀን በስድስት ደብተር ላይ አንድ ዓይነት ስህተት እስከነስርዙ ሳገኝ ነቃሁ።

መጀመሪያ ቡድኑን አሳነስኩ። ልጆቹን ማዘዋወር ብቻውን አሥር ደቂቃ ይበላብኝ ስለነበር፣ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ሦስቱ ቡድን ሆኑ። ማንም አይነሳም። ለሦስቱ አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ። የሚጽፈው መሃል ያለው ነው። መሃል ላይ ሒሳብ የሚከብደውን ልጅ ያስቀመጥኩት አስቤበት እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሰሌዳ ላይ ማን እንደሚወጣ ዕጣ ይወስናል።

አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ሰጠኋቸው። አብዛኛው ዴስክ ሁለት አምስተኛ ብሎ ቁጭ። እጄ ጠመኔውን ሊያነሳ ነበር፤ እንደምንም ዝም አልኩ። ከኋላ አንዱ ጓደኛውን «ግማሽ ዳቦ አለህ፣ ሲሶ ጨመርኩልህ። ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል! የቀረውን ማን በላው?» ሲል ሰማሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ዳቦውን ወረቀት ላይ ስድስት ቦታ ቆረጡት። ሦስትና ሁለት፣ አምስት ስድስተኛ። «ታህቱን አመሳስሉ» እያልኩ ስጮህበት የኖርኩትን ነገር በራሳቸው ደረሱበት።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ በቀጥታ ተወያዩ ስላቸው ፈጣኑ ልጅ ሌሎቹ ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ መልሱን ይናገራል። አሁን ሦስት ደቂቃ እያንዳንዱ በየግሉ፣ በዝምታ ይሞክራል። ጫጫታውም ቀላል አይደለም፤ የጎረቤት ክፍል መምህር ሁለቴ ልጅ ልኮብኛል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የማደርገው። የማባዛት ልምምድማ አሁንም ለየብቻ ነው።

አንዷ ጎበዝ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ብቻዬን ቶሎ እጨርስ ነበር» ብላ አኮረፈች። እውነቷን ነው። «እንግዲያው ሁለት አምስተኛ ለምን እንደማይሆን ያለ ዳቦ አስረጂኝ» አልኳት። በሁለተኛው ቀን ደብተሯን ይዛ መጣች። ገጹ በሙከራ ተሞልቷል። «ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ስደምር መልሱ ሁልጊዜ በሁለቱ ክፍልፋዮች መሃል ይወድቃል፤ ድምር ግን ከሁለቱም መብለጥ አለበት» አለችኝ። እኔ ራሴ አስቤው አላውቅም ነበር።